ሌባው የተወው ክር

በደቡብ ኖርዌይ፣ ቶንስበርግ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ኦሰበርግ በሚባል የእርሻ መሬት ላይ ትልቅ የአፈር ጉብታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 አንድ ገበሬ ጉብታውን ቆፍሮ የተጠረበ እንጨት አገኘ። በዓመቱ ጋብርኤል ጉስታፍሰን የተባሉ የአርኪዮሎጂ ሊቅ ከነባልደረቦቻቸው መጥተው ሲከፍቱት 21 ሜትር ከግማሽ ገደማ የሚረዝም መርከብ ከነዕቃው ወጣ። መርከቡ መቃብር ነበር። ሁለት ሴቶች ተቀብረውበታል። የመቃብሩን እንጨት የዕድሜ ቀለበት ቆጥረው ዘመኑን ሲያሰሉት እ.ኤ.አ. 834 ሆነ።

ስለዚህ መቃብር የሚያወራ ሁሉ ስለ መርከቡ ነው የሚያወራው። እውነትም ያምራል፤ አፍንጫው እንደ እባብ ተጠምጥሞ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ጎኑ ላይ ያለው ቅርጽ ዓይን አይጠግበውም። ቀጥሎ ስለ ሠረገላው፣ ስለ ተንሸራታች ጋሪዎቹ፣ አብረው ስለታረዱት ፈረሶች ይወራል። እኔ ደግሞ ዛሬ የማጫውታችሁ ብዙ ሰው አልፎት ስለሚሄደው ነገር ነው፤ ስለ ፈትልና ስለ ሽመና ዕቃው።

ጉብታው ጉስታፍሰን ሳይደርሱበት በፊት ተዘርፏል። ዘራፊዎቹ የገቡት ከቀብሩ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ጥለውት የሄዱት የእንጨት አካፋ ሳይቀር ተገኝቶ ዕድሜው ተለክቷል። ሴቶቹ እንዲህ ባለ ክብር ሲቀበሩ ያለ ወርቅና ያለ ብር አይቀበሩም፤ ነገር ግን አንድም የወርቅ ጌጥ አልተገኘም። ሌቦቹ ያንን ለቅመው ሲሄዱ እንዝርቱን፣ የበግ ፀጉር ማበጠሪያውን፣ የክር መጠቅለያውን፣ መቀሱን፣ የሽመና እንጨቶቹን ትተውታል። ምን ያደርግላቸዋል! ከላይ የተጫነው ሣር ያለው አፈርና የአካባቢው ጭቃ አየር ስላላስገባ ያ የሴት ዕቃ፣ እንጨቱ እንጨት እንደሆነ፣ ክሩ ክር እንደሆነ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ቆየ።

ከሁሉም ልቤን የነካው አንድ ነገር ነው። 52 ትናንሽ ጠፍጣፋ እንጨቶች አንድ ላይ ተደርድረው ተገኙ። አራት ማዕዘን ናቸው፤ በየማዕዘናቸው ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ክር ያልፋል። እያንዳንዱ አራት አራት ክር ቢይዝ 208 ክር መሆኑ ነው። እንጨቶቹ በሩብ በሩብ ዙር ሲዞሩ ክሮቹ ይከፈታሉ፤ በመካከል ማግ ይገባል፤ እንደገና ይዞራሉ። እንዲህ እየተባለ ጠበብ ያለ ጥለት ይሠራል። የኦሰበርጎቹ እንጨቶች ሲገኙ ድሩ ከላያቸው አልወረደም። ሥራው ተጀምሮ ነበር፤ አላለቀም።

እኔ የፈታይ ልጅ ነኝ። እናቴ ዛሬ 86 ዓመቷ ነው፤ ያደግሁት በእንዝርት ድምፅ ነው ብል አላጋነንኩም። ጥጡን መዳመጫው ላይ አድርጋ ፍሬውን ታወጣለች፤ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ባዘቶውን ትጠቀልላለች፤ ከዚያ ትፈትላለች። ጎረቤት ቡና ሲጠራት እንኳን እንዝርቷን ይዛ ነው የምትሄደው። ልቃቂቱ ሲበዛ ለሸማኔ ይሰጣል። እኛ አራት እህትና ወንድማማቾች እያንዳንዳችን የለበስነው ጋቢ ማጉ የእሷ እጅ ነው፤ ሰባቱ የልጅ ልጆቿም እንዲሁ። (ድሩ የፋብሪካ ነው። ዛሬ ዛሬ የእጅ ፈትል ድር የሚያደርግ ብዙ የለም፤ ሸማኔዎቹም ቶሎ ይበጠሳል ብለው አይወዱትም።)

ልጄ ኦስሎ ነው የምትኖረው። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ልረዳት በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሄጄ ሦስት ወር ቆየሁ። ያኔ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ሶስና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤት ውስጥ ሕፃኑን ከእንቅልፉ እንዳትቀሰቅስብን አንድ ቀን ይዣት ወጣሁና ቢግደይ ወደሚባለው ሰፈር፣ መርከቦቹ ወደሚታዩበት ሙዚየም ሄድን። (እ.ኤ.አ. በ2022 በአዲስና በሰፊ ሕንፃ ሊተካ ተዘጋ።) እሷ መርከቡን ዞራ ዞራ ሰለቻት። ዕቃዎቹ ወዳሉበት ክፍል ስንገባ ግን መስታወቱ ላይ ጣቷን ለጥፋ በራሷ አማርኛ፣ «ይሄ የእማማ ትልቋ ነው» አለችኝ። እማማ ትልቋ የምትላት እናቴን ነው። ልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ እናቴ ስትፈትል የተነሳችው ፎቶግራፍ አለ። ልጅቷ እንዝርቱን በፎቶ ነው የምታውቀው። ከመርከቡ ይልቅ ያወቀችው እሱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው እኔም ነገሩን መከታተል የጀመርኩት። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አለው፤ ስልክም አለ፤ ልጆቼም መጽሐፍ ይልኩልኛል።

በዚያ ዘመን በሰሜን አውሮፓ የነበረው ሽመና ከእኛው በብዙ ይለያል። የእኛ ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይልካል። እነሱ ዘንድ ዕቃው ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ በር ቆሞ ነው የሚሠራው። ድሩ ከላይኛው እንጨት ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ተወጥሮ እንዲቆም ከታች የሸክላ ወይም የድንጋይ ክብደት ይታሰርበታል። ሠራተኛዋ ቆማ ወዲያና ወዲህ እየሄደች ማጉን ታስገባለች፤ ወደ ላይ እየመታች ታጠብቀዋለች። ጨርቁ የሚጀምረው ከላይ ነው። ለመምቻ የሚይዙት ነገር ሰይፍ ይመስላል፤ ከብረት የተሠራ አለ፣ በኖርዌይ ሰሜን ከዓሣ ነባሪ አጥንት የተሠራም ተገኝቷል። እጀታ ያለው፣ ረጅም፣ ከሩቅ ሲያዩት የጦር ሜዳ ዕቃ የሚያስመስል ነው።

እንጨቱ በስብሶ ጨርቁም ጠፍቶ፣ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የሸክላ ቀለበቱ ብቻ ነው። እንግሊዝ አገር ከአንግሎ ሳክሰኖች ዘመን መንደሮች እንዲህ ያሉ ቀለበቶች ተቆጥረው የማያልቁ ወጥተዋል። አንዳንድ ቦታ ቤቱ በእሳት ሲቃጠል ቀለበቶቹ ከተሰቀሉበት እንደወደቁ በሁለት ረድፍ ተደርድረው ተገኝተዋል። ሽመናው ቆሞበት የነበረውን ስፍራ፣ ወርዱንም ጭምር ከረድፉ መለካት ይቻላል። ያችን ቤት እሳት ሲይዛት ድሩ ተወጥሮ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ ስለ ጥንት ታሪክ ሳይሆን ስለ አንዲት እናት ነው ያሰብኩት፤ ልጆቿን እየጎተተች ስትወጣ ጨርቁን መቁረጥ ያልደረሰላት።

ሌላው ልዩነት፣ እዚያ መፍተሉም መሸመኑም የሴት ሥራ ነበር። እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ከጋሞ የመጡትን ባለሙያዎች ብታዩ ጉድጓዱ አፍ ላይ የምታገኙት አባትና ወንድ ልጅ ነው። እነዚያ ግን ከበጉ ጀርባ እስከ ልብሱ ድረስ ሁሉንም በሴት እጅ ነበር የሚያደርሱት። ደግሞ ልብስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቫይኪንጎች አውሮፓን ያስጨነቁበት መርከብ ሸራው ከበግ ፀጉር የተፈተለና የተሸመነ ነበር። የሽመና ሥራ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚነግራችሁ ጊዜ የሚበላው ሽመናው አይደለም፤ ፈትሉ ነው። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታይ ያስፈልጋል። አንድ የመርከብ ሸራ እንግዲህ የስንት ሴት ስንት ክረምት ይሆን? ታሪክ ግን ቀዛፊዎቹን ነው የሚቆጥረው።

ዘመኑ ራሱ ግን አልናቃቸውም። በ899 የሞተው የእንግሊዙ ንጉሥ አልፍሬድ ኑዛዜው ላይ ዘመዶቹን ለሁለት ሲከፍል የወንዱን መስመር የጦር ወገን፣ የሴቷን መስመር የእንዝርት ወገን ብሎ ነው የሚጠራቸው። (ርስቱ ወደ ጦር ወገን እንዲያመዝን አድርጓል፤ እሱንም እንወቅለት።) ብዙ ሴቶችም ከእንዝርታቸውና ከሽመና ሰይፋቸው ጋር ይቀበሩ ነበር። አርኪዮሎጂስቶች የሴትዮዋን ስም ባያውቁ እጇ ምን ይዞ እንደኖረ ያውቃሉ።

አንዳንዷ ደግሞ ትናገራለች። ስዊድን ውስጥ ሉንድ በምትባል ከተማ እንደ ኦሰበርጎቹ ያለ፣ ግን ከአጥንት የተሠራ የጥለት ካርድ ተገኝቷል። ዕድሜው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ላዩ ላይ በሩን ፊደል የተቀረጸው ጽሑፍ ኢንጊማር ስለተባለ ሰው ነው፤ ለቅሶዬን እሱ ይውሰደው የሚል እርግማን ነው ብለው ሊቃውንቱ ያነቡታል። ሰውየው ምን እንዳደረጋት አይታወቅም፤ መገመት ግን አያቅትም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳቀችና፣ «ታዲያ ሲፈትሉ ምን ያስባሉ መሰለሽ? እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ሥራ ይፈታል» አለችኝ።

ወደ ኦሰበርጎቹ ሴቶች ልመለስ። አጽማቸው እንደገና ሲመረመር አንደኛዋ ሰባ ዓመት አልፏት፣ ሌላዋ ደግሞ ወደ ሃምሳ ተጠግታ የሞተች ሆና ተገኘች። ድሮ ታናሺቱ ወጣት አገልጋይ ናት፣ ከእመቤቷ ጋር እንድትሄድ ተደርጋ ነው ይባል ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳ ሆኖ ሲገኝ ያ ወሬ ቀዘቀዘ። አሮጊቷ አጥንቷ በሕመም የተጎዳ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሐር ጨርቅ እንኳን ነበራቸው፤ ከምሥራቅ በኩል በእጅ ዞሮ ዞሮ የደረሰ፣ ተቆራርጦ ልብስ ላይ የተሰፋ። ከበግ ፀጉር የተሠራ፣ ወርዱ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ ሥዕላዊ ጥለትም ተገኝቷል፤ ሠረገላ የሚጎትቱ ፈረሶች፣ የሚሰለፉ ሰዎች አሉበት። የጨርቆቹ ቁርጥራጭ ተጣብቆና ጠቁሮ ስለነበር ሶፊ ክራፍት የተባለች ሠዓሊ እያንዳንዱን ክር እየተከታተለች በቀለም እየሳለች ነው ምስሉ የታየው። እኔ በግሌ እሷን ከጉስታፍሰን አላሳንሳትም።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ።

እናቴ ዓይኗ ከደከመ አራተኛ ዓመቷ ነው። አንዱ ዓይኗ ሞራው ተገፎላት ነበር፤ ሌላው ግን ብርሃን ከመለየት አያልፍም። ፈትል አቆመች። ያቆመችው ግን መሐል ላይ ነው። ለሶስና፣ ለመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ጋቢ ብላ የጀመረችው ልቃቂት በትራስ ልብስ ተሞልቶ ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቅሏል። ለጋቢ አይበቃም። ለነጠላ ይተርፋል፣ ለጋቢ ግን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ጋቢ ማግ ይበላል።

ወንድሜ መፍትሔ ያለው ሰው ነው። «ከገበያ የእጅ ፈትል ገዝተን እንሙላውና ይሠራ» አለ። እናቴ በቁጣ፣ «የማላውቃት ሴት ፈትል ከእኔ ጋር ተቀላቅሎ የእማማ ነው ትሏታላችሁ?» አለች። «ነጠላ ይሁን» አልናት። «ነጠላ አልኳት እንዴ? ጋቢ ነው ያልኳት።» ታናሽ እህቴ ደግሞ ተዉአት፣ አታስጨንቋት ባይ ናት። እንዲህ እያልን ከረጢቱ ሁለት ክረምት ተሰቀለ። በየበዓሉ ስንሰበሰብ ሁላችንም ቀና ብለን እናየዋለን፣ ማንም አይናገርም። አንድ የፋሲካ ምሽት ግን እሷው፣ «እኔ ስሞት ትራስ ትሞሉበታላችሁ፤ አውቃለሁ» አለች። ወንድሜ ተነስቶ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር እኔን ያስፈራኝ ጋቢው አልነበረም። ሶስና አማርኛዋ እያነሰ መሄዱ ነው። በስልክ ስትገናኛቸው እናቴ ዓይኗ ስለማያይ ምስሉ አይጠቅማትም፤ የሚቀራት ቃል ብቻ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ያላት ቃል «ሰላም፣ ደህና ነኝ፣ ቻው» ነው። እናቴ ስልኩን ለእኔ ስትመልስ ፊቷን አያለሁ። አንድ ጋቢ ይህን አይሞላውም።

አምና በጥቅምት ልጄ ደወለች። ሶስና ትምህርት ቤት ስለ ቫይኪንጎች እየተማሩ ነው፤ መምህሯ ያንን የካርድ ጥለት ሊያሠሯቸው ነው፤ ኖርዌጂያኖች ብሪከቬቭ ይሉታል። የቁርስ እህል ካርቶን ቆርጠው፣ በየማዕዘኑ ቀዳዳ በስተው፣ ስምንት ስምንት ካርድ ይዘው የእጅ አምባር የሚያህል ጥለት ሠሩ። ልጅቷ ትምህርቱ ካለቀ በኋላም አልተወችውም። ካርዱን ወደ አሥራ ስድስት አሳደገችው። ክሩን አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አስራ ነው የምትሠራው፤ እናቷ በዚያ በር ማለፍ ተከለከለች።

ይህን ለእናቴ ስተርክላት ዝም ብላ ሰማችና ጥያቄዋን አከታተለች። ካርዱ ስንት ነው? ማጉ ምንድን ነው? ሲዞር አይከርም? እኔ ያነበብኩትን ነገርኳት፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከዞረ ከወዲያኛው በኩል ይከራል፣ ስለዚህ ወደኋላ መመለስ አለበት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያም በእኛም አገር እንዲህ ያለ ሥራ እንደነበረ ነገርኳት። በጎንደር ዘመን ከሐር የተሠሩ፣ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝሙ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየምና ቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ውስጥ አሉ፤ የተሠሩት በዚሁ በካርድ ነው፤ 52 ሳይሆን በመቶ በሚቆጠር ካርድ። ባለሙያዎች ከአፄ በካፋና ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጋር ያያይዟቸዋል። በዓለም ላይ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ከትልልቆቹ ውስጥ ናቸው። እናቴ፣ «ማን ፈተለው ይላሉ?» አለች። ሐሩ ከውጭ የመጣ ነው አልኳት። «ሐርም ቢሆን የሚያከረው ሰው ይፈልጋል» አለችና ወሬውን ቆረጠችው።

በማግስቱ ከረጢቱን አውርጂልኝ አለችኝ። በእጇ እየዳሰሰች ሦስት ልቃቂት መርጣ አወጣች። «ለልጅቷ ይሂድላት።» ጋቢውስ ስላት መልስ አልሰጠችኝም። ኦስሎ የምትሄድ የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ በሻንጣዋ ወሰደችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ሶስና ናት፤ ለእኔ ሳይሆን እማማ ትልቋን ስጪኝ አለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋት። ልጅቷ «ሰላም» እንኳን አላለችም። «እማማ፣ ክሩ ተበጠሰ!» አለች። ቀጥላም በኖርዌጂያንኛና በአማርኛ ድብልቅ፣ ካርዱ ሲዞር ክሩ እየተፋቀ በየቦታው እንደሚቋረጥባት ልታስረዳ ሞከረች፤ እናቷ ከጎን እየተረጎመች። እናቴ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«አዎ ይበጠሳል! የማግ ፈትል ነው እኮ፣ ለድር አልፈተልኩትም። አንድ ክር ብቻውን ያን ሁሉ አይችልም። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሽ አክሪው። በፈተልኩት በተቃራኒው አዙሪ፤ ያለዚያ ይፈታል። ገባሽ?»

«አልገባኝም» አለች ሶስና። ይህንንም በአማርኛ ነው ያለችው።

እናቴ ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው እኔ አክርሬ እልክልሻለሁ» አለቻት።

እንዝርቷ ቁም ሳጥን ላይ ነበር፤ አቧራውን ጠርጌ ሰጠኋት። ለማክረር ዓይን አያስፈልግም፤ ሁለቱ ክር በጣቷ መካከል ሲያልፍ ቀጭኑንና ወፍራሙን በእጇ ታውቀዋለች። አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትገባ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። ወንድሜ ባለፈው እሑድ መጥቶ ሲያያት ጋቢው እንግዲህ ቀረ ማለት ነው ወይ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። እሷ ጆሮዋ ደህና ነው፤ ሰማችው።

«ስንት ክንድ እንደሚበቃት ጠይቁልኝ» አለች፤ «የተረፈውን ከዚያ እናያለን።»